ድምፅ የሚውጠው ማዳመጫ

ወለላን እስከ ዛሬ ላላወቃት አንባቢ ጥቂት ልንገረው፤ የሚያውቃት ይታገሰኝ። ደብረ ማርቆስ መናኸሪያው አጠገብ ጎን ለጎን ከተደረደሩት ስልክ ቤቶች በመካከለኛው ውስጥ ተቀምጣ፣ ያገለገለ ዕቃ ይዞ ለሚመጣ ሁሉ «ይገዛል»፣ «አይገዛም» እያለች የምትፈርደው እሷ ናት። ድረስ የሚባለው ባለሱቅ እንኳ ከእሷ ፍርድ አይወጣም። በአሥራ ሰባት ዓመቷ አማኑኤል ከተማ ተድራ ነበር፤ ስምንት ወር ኖራ፣ ተፋትታ ወደ እናቷ ቤት ተመለሰች። ከተማው ይኼን ረስቶላት ነበር። ዲያቆን አምደሚካኤልን ስትወድ ግን ሁሉም በአንድ ቀን አስታወሰው።

ዲያቆን ፈት ካገባ ክህነቱ ይፈርሳል። ከዚያ ወዲያ መቅደስ አይገባም፣ ቅስናም አይቀበልም። አምደሚካኤል ደግሞ የመሪጌታ ሀይለመለኮት አንድ ልጅ ነው፤ ቅዳሴ ላይ ድምፁ ሲነሳ የሚያንቀላፋ ሰው አይገኝም ነበር። አባቱ የእሱን ቅስና ሳያዩ መሞትን ብቻ የሚፈሩ ሰው ናቸው። እናቱን ወለላ አይታቸው አታውቅም፤ እናትየውም እሷን አያውቋትም።

ባለፈው ዓመት ነሐሴ ላይ አንድ ደብዳቤ ደረሳት። «ወለላዬ፣ የአባቴን እንባ ተራምጄ መምጣት አቃተኝ። ሰኞ ማለዳ ወደ የኔታ እሄዳለሁ። አትጠብቂኝ» ይላል። የኔታ የሚያስተምሩት ከይጁቤ ወዲያ፣ ወደ ዓባይ በረሃ ማዘቅዘቂያው ላይ ነው። ሰኞ ሄደ። ዓርብ ይጁቤ ላይ በትኩሳት ሞተ ተባለ። «ወደ ትምህርቱ ሲሄድ መንገድ ላይ ቀረ» ብለው አልቅሰው ቀበሩት።

ወለላ ቀብሩን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆማ ነው ያየችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለማንም ያልነገረችው አንድ ጥያቄ አላት። ይጁቤ በእግርም ቢሆን ከአንድ ቀን የማያልፍ መንገድ ነው። ሰኞ የሄደ ሰው ዓርብ ይጁቤ ምን ይሠራል? እየሄደ ነው የሞተው ወይስ እየመጣ? ለሌላው ሰው ልዩነት የለውም፤ የሞተ ሞቷል። እሷ ግን የተተወች ትሁን የተወደደች የምታውቀው በዚያ ብቻ ነው። ዓመቱን ሙሉ ቀኖቹን በጣቷ እየቆጠረች፣ መልስ ሳታገኝ እጇን ስትጨብጥ ኖረች።

*

ሙት ዓመቱ ሊደርስ ስምንት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ጉም ከጮቄ ተራራ ወርዶ መናኸሪያውን ሸፍኖታል። የሉማሜው አውቶቡስ ረዳት ሲጣራ ይሰማል እንጂ አይታይም። ባለሱቁ ዕቃ ሊያመጣ ስለሄደ ወለላ ብቻዋን ናት። ፈንታ የሚባለው ባጃጅ ነጂ ራሱን እያራገፈ ገባና አንድ ጥቁር ማዳመጫ ከነማኅደሩ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«እስቲ እዪልኝ ወለላ። ሦስት ዓመት ብቻ ነው የተሠራበት። ልግዛው?»

ወለላ ማኅደሩን ከፈተች፤ ሁለቱን ፍሬዎች አውጥታ ወደ መብራቱ አስጠጋቻቸው። የአንደኛው ወንፊት በጆሮ ኩክ ተደፍኗል።

«የማንን ጆሮ ነው የምትገዛው?» አለችው።

«አታስጠይኝ። ድምፁ አሪፍ ነው።»

«ድምፁ ምን ያደርግልሃል? ስልክ ቢያረጅ ባትሪ ይቀየርለታል። ይኼ በሙጫ የታሸገ ነው፤ ከደከመ ደከመ። ግራና ቀኙ ደግሞ እኩል አይሞቱም። አንዱ ቀድሞ ይሄድና ሌላው ብቻውን ያወራል።»

«ምነው ስለ ሰው የምታወሪ አስመሰልሽው?»

«ይኸውልህ ደግሞ፣ የድሮ ባለቤቱን ስልክ ገና አልረሳም። ያ ስልክ ካንተ አጠገብ ከተገኘ፣ አንተን ትቶ ከእሱ ጋር ነው የሚገናኘው። አይገዛም።»

ፈንታ ሳቀና ማዳመጫውን ኪሱ ከትቶ ወደ ጉሙ ተመለሰ። ጥቂት እንደራቀ ከዓይን ጠፋ።

ወለላ አልሳቀችም። ከሦስት ዓመት በፊት ይችኑ ፍርድ፣ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ፣ ነጭ ነጠላ ለለበሰ አንድ ዲያቆን ሰጥታ ነበር። ያመጣው ማዳመጫ ያኔውኑ አሮጌ ነበር። «አንድ ሰዓት እንኳ አያቆይህም» ስትለው «አንድ ሰዓት ይበቃኛል፤ የአባቴ ትምህርት ከዚያ አይበልጥም» አላት። የአባቱን ዜማ በስልኩ ይቀዳል፣ የራሱን ልምምድም ይቀዳል፣ መንገድ ለመንገድ ይሰማል። ምክሯን ሳይሰማ ገዛው። ከዚያ በየሐሙሱ አንድ ሰበብ ይዞ ይመጣ ጀመር፤ ዛሬ ግራው ዝም አለ፣ ዛሬ ቀኙ ተንሾካሸከ። የማኅደሩ ማጠፊያ ሲሰበር በቀጭን የመዳብ ሽቦ አሰረችለት። እሱ ግራውን፣ እሷ ቀኙን አድርገው ይሰማሉ። ገመድ የሌለው ነገር ነው፤ አንዱ እዚያ ማዶ፣ አንዱ እዚህ ሆኖ መስማት ይችል ነበር። እነሱ ግን ተጠጋግተው ነበር የሚቀመጡት።

ዛሬም ሐሙስ ነው። ወለላ በሩን አየች፤ ማንም እንደማይገባበት እያወቀች አየችው፤ በራሷም አፈረች።

*

በሩን የገፉት አንዲት ጥቁር የለበሱ እናት ናቸው። ለሐዘን የላጩትን ፀጉር ዓመት ሙሉ አላሳደጉትም። የፍልሰታ ጾም ስለሆነ እህል አልቀመሱም መሰለኝ፣ ከንፈራቸው ደርቋል።

«ስልክ ቤት ይኼ ነው ልጄ?»

«ነው እማማ። ይግቡ፣ ዝናቡ እንዳይመታዎት።»

አግዳሚው ላይ ተቀመጡና ከመሐረብ ውስጥ አንድ ነገር ፈትተው ዘረጉላት። የማዳመጫ ማኅደር ነው፤ ክዳኑ ወደ ታች ተደፍቶ፣ እንደ ሌላው መቶ ማኅደር ጥቁር።

«ብትገዢኝ ግዢኝ። ባትገዢኝም ውሰጅልኝ። መጣል ፈርቼ ነው ያመጣሁት» አሉ።

«ምን ሆነ?»

«ድምፅ ይውጣል።»

ወለላ ስድስት ዓመት ስትሠራ «ይቆራርጣል»፣ «ያፏጫል»፣ «ቶሎ ይጠፋል» ሲሏት ኖራለች። «ይውጣል» ያላት ግን አልነበረም።

«የልጄ ነው» አሉ እናትየው። «ስልኩ ውስጥ ድምፁ አለ። ከሰዓት በኋላ ጸሎቴን ሳደርስ እሱን ተጭኜ እሰማዋለሁ። የት እንደምጫን ያሳየችኝ ጎረቤቴ ናት። ታዲያ ይኼን ክዳኑን ከፍቼ ፍሬዎቹን ሳወጣ፣ ልወለውላቸው ብዬ ነው፣ ልጄ ዝም ይላል። መልሼ ዘግቼ እንደገና ስጫነው ይመጣል። ሦስት ቀን ሞከርኩት። ሦስቱንም ቀን ዋጠብኝ።»

ወለላ ልታስረዳቸው አፏን ከፈተች። ነገሩ ቀላል ነው፤ ማዳመጫው ከስልኩ ጋር ሲገናኝ የስልኩ ድምፅ ወደ ማዳመጫው ይሄዳል እንጂ የሚዋጥ ነገር የለም። ማኅደሩን አንስታ ገለበጠችው። ማጠፊያው ላይ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ሦስት ጊዜ ተጠምጥሟል። የሽቦው ጫፍ እንዳይወጋ ወደ ውስጥ የታጠፈው በእሷ ጥፍር ነው።

ማስረዳቱን ተወችው። ከልማድ ብዛት ጣቶቿ ብቻቸውን ሠሩ፤ ክዳኑን ከፈተች፣ ቀኙን ፍሬ አወጣች፣ በጨርቅ ጠረገችው፣ ጆሮዋ ውስጥ አደረገችው።

«ቆይ ላሳይሽ» ብለው እናትየው ከደረታቸው ስልኩን አወጡና ተጫኑት። ጆሮአቸውን ወደ ስልኩ አዘንብለው ጠበቁ። ሱቁ ውስጥ ከዝናቡ በቀር ምንም አይሰማም።

«ይኸው» አሉ። «አየሽ? ዋጠው።»

አምደሚካኤል በወለላ ቀኝ ጆሮ ውስጥ እያዜመ ነበር።

ቀስ ብሎ፣ አንዱን ሐረግ ደጋግሞ፣ ሲሳሳት «አይደለም» ብሎ ራሱን እያረመ ነበር የሚያዜመው፣ ድሮ አጠገቧ ተቀምጦ እንደሚያደርገው። ከድምፁ በስተኋላ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ይወርዳል። እሷም የተቀመጠችው ቆርቆሮ ሥር ነው፣ እዚህም ይዘንባል። የትኛው ዝናብ የዛሬ፣ የትኛው ያለፈው ዓመት እንደሆነ ጆሮዋ መለየት አቃተው። መቀረጹን ታውቃለች፣ ስልክ መሆኑን ታውቃለች፤ ሰው ሲፈራ የምታስረዳው እሷ ናት። ልቧ ግን ያወቀችውን አልሰማም፤ ፍሬውን በጣቷ ወደ ውስጥ ገፋ አደረገችው።

«ዓመት ሙሉ ተቀምጦ...» አለች፤ የራሷን ድምፅ ከሩቅ ሰማችው። «እንዲህ ያለ ነገር ሳይሠራበት ዓመት ከተቀመጠ ባትሪው ይሞታል። ይኼ እንዴት ኖረ?»

«ለምን ይሞታል? በየቀኑ ሁለቱንም አበላቸዋለሁ፣ ስልኩንም እሱንም፣ በተራ። የልጄ ዕቃ በቤቴ እያለ ይራባል እንዴ?»

ስልኩን ሳያጠፉት ወደ ደረታቸው መለሱት። ለእሳቸው ዝም ብሏልና ምኑን ያጠፉታል።

«ስንት ያህል ነው የሚሰሙት እማማ?»

«እስከሚያስለው ድረስ ነው። ሲያስል አልችልም፤ አጠፋዋለሁ። የገደለው ያ ሳል ነው።» ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። «ከዚያ ወዲያ ያለውን ሰምቼው አላውቅም።»

ልክ ያን ጊዜ ጆሮዋ ውስጥ ሳለ። ከሆዱ የሚመጣ፣ ረጅም፣ ትንፋሽ የሚያሳጣ ሳል ነው። ወለላ እንዳይታይባት ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ያዘች። ሳሉ አበቃ፣ ዝናቡ ብቻውን ወረደ፣ ከዚያ አንድ ሰው በጆሮዋ ሥር ቀስ ብሎ ጠራት።

«ወለላ።»

ወደ ኋላዋ ዞረች። ግድግዳና የተሰቀሉ ቻርጀሮች ብቻ ናቸው።

«ምነው ልጄ? ሰው መጣ?» አሉ እናትየው።

«አይ። ማንም የለም» አለች። ይኼን ስትል ውሸት እንደተናገረች ተሰማት።

*

«ወለላ፣ ልደውልልሽ ኔትወርክ የለም። ልጽፍልሽ ነበር፤ እጄ እየተንቀጠቀጠ ብዕር አልይዝ አለኝ። ያንን ደብዳቤ ቅደጅው። የኔታ ግቢ ደጃፍ ደርሼ ነበር። ተማሪዎቹ ሲያዜሙ ይሰማኝ ነበር። እግሬን ላስገባ አነሳሁና መልሼ አኖርኩት። ማንም ሳያየኝ ሁለት ቀን አጥሩ ሥር ዝናብ ሲመታኝ ቆየሁ። ረቡዕ ፊቴን መለስኩ። አሁን ይጁቤ ነኝ። ትኩሳቱ ትንሽ ይልቀቀኝ እንጂ እየመጣሁ ነው።»

እየመጣሁ ነው። ዓመት ሙሉ የቆጠረቻቸው ቀኖች በሙሉ በዚህች አንዲት ቃል ተዘጉ። ደስታ ነው ብትሉኝ ደስታ ነው፤ ግን ከመቃብር የመጣ ደስታ ያስፈራል። እየመጣ ነበር። ወደ እሷ እየመጣ ነው የሞተው። ያላሰበችው ይኼ ሁለተኛው ነገር ነው፤ ጥያቄው ሲመለስ የሞቱንም ጥፋት ይዞላት መጣ።

እናትየው በግራዋ በኩል እያወሩ ነው። «አንዲት ፈት ናት አሉ ልቡን የወሰደችው። ስልክ ቤት የምትሠራ። ስሟን ሊነግሩኝ ነበር፣ አልፈልግም አልኩ። ስሟን ካወቅሁ እረግማታለሁ ብዬ ፈራሁ። አባቱ ግን ጽኑ ነው። ልጄ ወደ እግዜር ቃል ሲሄድ ነው የሞተ ይላል። ያቺን እምነት ይዞ ነው በልቶ የሚያድር።»

ወለላ አየቻቸው። ቅንድባቸው የእሱ ነው፤ ሲገቡ እንዴት አላየሁትም ብላ ተገረመች። አሁን ዝም ብትል ማን ያውቃል? ማዳመጫውን ትወስዳለች፣ ስልኩ ለእናትየው እንደ ድሮው ይናገርላቸዋል፣ እሳቸውም እስከ ሳሉ ሰምተው ያጠፉታል። ልጃቸው በቃሉ መንገድ ላይ እንደሞተ ይኖራል። እውነቱን እሷ ብቻዋን ትሸከመዋለች። ብቻዋን መሸከም ለምዳለች።

«በእኔ ፍርድ አይገዛም እማማ» አለች። «አርጅቷል። ግን እኔ እወስደዋለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ስልኩ ዝም አይልብዎትም።»

«እግዜር ይስጥሽ።» ሊነሱ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ፤ ግን አልተነሱም። «ያቺን ሴት ባገኛት አንድ ነገር ብቻ እጠይቃት ነበር። ለሌላ ሰው ተናግሬው አላውቅም። ሰኞ ከቤቴ የወጣ ልጅ ዓርብ ይጁቤ ምን ይሠራል? አባቱን አልጠየቅኩትም፣ የቆመበትን እንዳልነሳው። እኔ ግን ቀን መቁጠር እችላለሁ።»

ወለላ ያቺን ጥያቄ የራሷ ብቻ አድርጋ ነበር የምታያት። ለካ በዚያች ከተማ ሌላ ጓዳ ውስጥ፣ ሌላ ሴት በሌላ ጣት እነዚያኑ ቀኖች ስትቆጥር ኖራለች።

«እማማ» አለች። «ወለላ እባላለሁ። ያቺ ሴት እኔ ነኝ።»

እናትየው አልጮሁም። አልተነሱምም። ዓይናቸው ብቻ ከፊቷ ወደ እጇ፣ ከእጇ ወደ ጆሮዋ ሄደ።

«ድምፁ አልተዋጠም» አለች ወለላ፤ እንባዋ መጣ፣ አልጠረገችውም። «እዚህ ነው ያለው። አሁንም እያወራ ነው። ከሳሉ ወዲያ ያለው ነው። ይስሙት፤ ከዚያ የፈለጉትን ይበሉኝ።»

ግራውን ፍሬ ከማኅደሩ አወጣች። ነጠላቸውን ገለጥ አድርጋ፣ የተላጨውን ራሳቸውን በመዳፏ ደግፋ፣ ጆሮአቸው ውስጥ አስቀመጠችውና አጠገባቸው አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። እማማ እቴናት፣ ስማቸው እቴናት ነው፣ መጀመሪያ እንደ ተወጋ ሰው ደነገጡ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«...አባቴ ይቆጣል፣ ይበርድለታል። የምፈራው እናቴን ነው። እናቴ አትቆጣም፤ ዝም ትላለች። ወለላ፣ ስንገባ አንቺ ቅደሚና ሳሚያት። እኔን ካየች ታለቅሳለች። ክህነቴ ይቅር። ከመቅደስ ውጭ፣ ከማኅሌቱ ቆሜ አዜማለሁ። እሷ ያኔም በድምፄ ታውቀኛለች። በቃ፣ ደከመኝ። ዝናቡ እስኪያባራ ልለማመድ፣ ስመጣ እንዳልረሳው።»

እንደገና ማዜም ጀመረ። ድምፁ ከመጀመሪያው ቀጥኗል፣ ግን አልተሳሳተም። ሁለቱ ሴቶች አንድ አግዳሚ ላይ፣ አንዷ በግራ አንዷ በቀኝ፣ አንድ የሞተ ሰው መካከላቸው ተቀምጦ ሲያዜም ሰሙ። ማናቸውም ሌላዋን ለማየት አልደፈሩም።

ብዙ ቆይተው እማማ እቴናት ግራውን ፍሬ ከጆሮአቸው አወጡና ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አኖሩት።

«ወደ አንቺ ሲመጣ ነው እንግዲህ» አሉ።

«አዎ እማማ።»

«ለአባቱ አልነግረውም።»

«እሺ።»

«አንቺንም ይቅር አላልኩሽም። ዛሬ አልችልም።»

ወለላ ራሷን ነቀነቀች። ከዚህ የተሻለ አልጠበቀችም፤ የባሰ ነበር የጠበቀችው።

እማማ እቴናት ተነሱ፤ ነጠላቸውን አጣፉ፤ ስልኩ ደረታቸው ውስጥ እንዳለ በእጃቸው አረጋገጡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ሳይዞሩ ጠየቁ።

«ይኼ ነገር እስከ የት ድረስ ይሰማል?»

«ድምፁ ያለው እርስዎ ጋ ነው፣ ስልኩ ውስጥ። አሥር እርምጃ ያህል ቢርቁ ነው። ከዚያ ይቋረጣል።»

«እሺ» ብለው ወጡ።

ወለላ «ትንሽ ይቆዩልኝ» ለማለት ፈለገች፤ በምን አፏ? እናት ልጇን ይዛ ወደ ቤቷ እየሄደች ነው። ቀኙ ፍሬ ጆሮዋ ውስጥ እንዳለ ቁጭ ብላ ድምፁ ሲርቅ ሰማች። አምስት እርምጃ፣ ስድስት። ጉሙ ጥቁሩን ቀሚስ እያጠፋው ሄደ። ስምንተኛው ላይ ዜማው መቆራረጥ ጀመረ፤ አንድ ቃል ይመጣል፣ ሁለት ይቀራል። ዘጠኝ። ዓይኗን ጨፈነች። ሁለተኛ ጊዜ ልትቀብረው ተዘጋጀች፣ በዚህኛው ቀብር እንኳ ከአጥር ውጭ አልቆምኩም ብላ ራሷን አጽናናች።

ድምፁ ግን አልጠፋም። እንዲያውም እንደገና ጥርት አለ።

ዓይኗን ገልጣ ወደ በሩ ሄደች። እማማ እቴናት ከመናኸሪያው አጥር ወዲህ ቆመዋል። ዝናቡ ይመታቸዋል፣ መጠለያው ሁለት እርምጃ ቀርቷቸዋል። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመልሰዋል፤ ፊታቸውን ግን ወደ ሱቁ አላዞሩም። በሁለት እጃቸው ደረታቸውን ደግፈው፣ ለእሳቸው ምንም በማይሰማበት ዝምታ ውስጥ፣ አምደሚካኤል ለወለላ አዚሞ እስኪጨርስ ድረስ ቆሙላት።